የማለቅለቂያው ውሃ

የእኔ ሥራ የሚባክን ነገር መፈለግ ነው። ፋብሪካ እገባለሁ፤ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ እንጨቱ ሲነድ ሙቀቱ ምን ላይ እንደሚውል፣ የትኛው ሞተር ያለ ሥራ እንደሚዞር አያለሁ። ከዚያ «ይህን እንዲህ ብታደርጉት ይህ ይተርፋችኋል» ብዬ ጽፌ እወጣለሁ። ሳሙና ፋብሪካ ሠርቻለሁ፣ ቆዳ ፋብሪካ ሠርቻለሁ፣ ብቅል ፋብሪካም ገብቼ አውቃለሁ። የትም ብሄድ ሰው አይወደኝም፤ አልፈርድበትም። እንግዳ ቤታችሁ ገብቶ ድስታችሁን እየከፈተ ቢያይ እናንተም አትወዱትም።

በመተማ መንገድ ላይ ወዳለው የሰሊጥ መላጫ ፋብሪካ የተላክሁት በመጋቢት ወር ነው። ባለቤቱ ጎንደር የሚኖር ባለሀብት ነው፤ ቆላው ላይ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ አለው። ሰሊጡን ውጭ አገር ሆነው የሚገዙት ሰዎች «ውሃና ማገዶ እንዴት እንደምትጠቀም አስገምግመህ አሳየን» ስላሉት ለመሥሪያ ቤታችን ደወለ። ሁለት ሆነን ልንሄድ ነበር። ባልደረባዬ ልንነሳ ስንል ልጁ ታመመበትና ቀረ። እኔ መለኪያዎቼን በአንድ ሻንጣ፣ ልብሴን በሌላ ይዤ ብቻዬን ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ከአይከል ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ተሳፋሪው በየኩርባው ልብስ ያወልቃል፤ መጀመሪያ ጃኬቱን፣ ቀጥሎ ሹራቡን። ሸሕዲ ስንደርስ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ቀርቶ በላብ ርሷል። ከመኪናው ስወርድ የገጠመኝ ነፋስ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስል ነበር።

ፋብሪካው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። ለማደሪያ የተሰጠችኝ ከመጋዘኑ ጎን ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧ የገመድ አልጋና አንድ ወንበር አለ። ፎርማኑ፣ ቁመተ ረጅም ዝምተኛ ሰው፣ ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ አስገባልኝና በሩ ላይ ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ።

«ይጠይቁኝ።»

«ስንት ሰው ነው የሚቀነሰው?»

«እኔ ሰው አልቀንስም። የማየው ውሃና እንጨት ነው።»

«እንግዲህ» ብሎ ወጣ።

ሠራተኞቹ ግን አላመኑኝም። ምሳቸውን ከግቢው መሀል ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰብስበው ነበር የሚበሉት። ሁለተኛው ቀን ላይ ምሳዬን ይዤ ወደ እነሱ ሄድሁ። ጨዋታው እንደተዘጋ ሬዲዮ ቆመ። «እንብላ» አሉኝ፤ ቦታም ለቀቁልኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም እጁን እያየ በላ። ሰው እንጀራውን በዝምታ ሲበላ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስለማውቅ ከዚያ ወዲያ ምሳዬን በክፍሌ ደጃፍ ላይ ብቻዬን መብላት ጀመርሁ። አመሻሽ ላይ እናቴ ከጎንደር ትደውላለች። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ያንኑ ነው፦ «ሰው አገኘሽ?» የሥራ ጓደኛ ማለቷ ይሁን ባል ማለቷ፣ አንድም ቀን ለይቼው አላውቅም። «አላገኘሁም» እላታለሁ፤ ለሁለቱም ይሆናል።

ሰሊጥ የሚላጠው እንዲህ ነው። የተበጠረው ሰሊጥ በጨው ውሃ በተሞላ ገንዳ ይዘፈዘፋል። ቆዳው ሲላላ ይታሻል፤ ልጣጩ ይዘቅጣል፣ ፍሬው ይንሳፈፋል። ከዚያ ፍሬው ጨዉን እስኪለቅ ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል፤ በመጨረሻም በእንጨት ምድጃ በሚሞቅ አየር ይደርቃል። ያ ሁሉ ውሃ በፓምፕ ከጉድጓድ ይሳባል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሥራ ይሠራል፣ ከዚያ በቱቦ ወደ ውጭ ይለቀቃል። ምድጃውም ቢሆን ገሚሱ ሙቀቱ የሚያደርቀው ሰሊጡን ሳይሆን ጣሪያውን ነው። ከአጥሩ ጥግ የተቆለለውን እንጨት ባየሁ ቁጥር፣ በመንገዴ ላይ ያየሁት ራቁቱን የቀረ ጉብታ ትዝ ይለኝ ነበር።

የውሃው መላ አዲስ ነገር አይደለም። እናቴ ልብስ ስታጥብ ታደርገዋለች። ነጩን ልብስ ያለቀለቀችበትን ውሃ አትደፋውም፤ ብዙም ስላልቆሸሸ ለሚቀጥለው ልብስ ማጠቢያ ታደርገዋለች። እሱ ሲቆሽሽ ደግሞ ወለል ታጥብበታለች። ፋብሪካውም እንዲሁ ማድረግ ይችላል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ንጹሕ ማለት ይቻላል፤ ለሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ማጠቢያ ይሆናል። የመጀመሪያው እጣቢ ጨዋማ ስለሆነ ወደ መዘፍዘፊያው ይመለሳል። ይህን ግቢውን በዞርሁበት በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። የቀረኝ መለካት ነበር፦ ምን ያህል ይፈስሳል፣ ምን ያህል ጨው ይዟል።

ቱቦው በአጥሩ ሥር አልፎ ከውጭ ወደተቆፈረ ቦይ ይገባል። ባልዲዬን ከቱቦው አፍ ሥር ደቅኜ ሰዓቴን እያየሁ ሳለሁ ከኋላዬ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ምን ጠፋብሽ?»

ዘወር አልሁ። እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ የተጠቀለሉ፣ ፊታቸው የከሳ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት መኮትኮቻ ይዘው ቆመዋል።

«ምንም አልጠፋብኝም እማማ። ውሃውን እየለካሁ ነው።»

«ፍሳሹን?» ብለው ሳቁ። አፋቸውን በቶባቸው ጫፍ ሸፍነው፣ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። «ያ ቢቲ! ፍሳሽ የሚለካ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

ያ ቢቲ ያሉኝ ልጄ ማለታቸው ነው። ወደ ቆላው ከመጣሁ ጀምሮ በፊቴ የሳቀ ሰው እሳቸው የመጀመሪያዬ ናቸው። እኔም ሳቅሁ።

ከቦዩ ማዶ አንዲት ጠባብ ማሳ ነበረቻቸው። ባሚያ፣ ሽንኩርትና ኩድራ ተክለውባታል፤ ኩድራ ማለት በሱዳን ወጥ የሚሠራበት፣ ሲበስል የሚዝለገለግ ቅጠል ነው። ከማሳዋ ዳር በሣር የተከደነች ጎጆና ከፊቷ ለጥላ የተተከለች ራኩባ አለች። ማሳዋ የምትጠጣው ከዚያ ፍሳሽ ብቻ ነው። አዝመራውን ሸሕዲ ወስደው እየሸጡ ይኖራሉ።

ታሪካቸውን በአንድ ጊዜ አልነገሩኝም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው የሰማሁት። የተወለዱት ደምቢያ ነው። ልጅ እግር ሳሉ ከባላቸው ጋር ለጥጥ ለቀማ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ወረዱ፤ «ለአንድ በጋ» ብለው። ያ አንድ በጋ ዕድሜያቸውን በላው። ባላቸው እዚያው ሞተ፤ ልጅ አልወለዱም፤ ገበያ ውስጥ ምግብ እየሠሩ ኖሩ። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ ከሰው ጋር ተሳፍረው፣ የቀረውን በእግር ተጉዘው በመተማ በኩል ገቡ። መጠለያ ውስጥ ቆዩ። ደምቢያ ሄደው ዘመድ ሲፈልጉ ወንድሞቻቸው ሞተዋል፤ የወንድሞቻቸው ልጆች «እንደዚህ ያለች አክስት አለቻችሁ የሚል ሰምተን አናውቅም» አሏቸው።

«አልዋሹም» አሉኝ ይህን ሲነግሩኝ። «ማን ይነግራቸዋል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ መለካቱ ሲያልቅም ከራኩባዋ ሥር እቀመጥ ጀመር። ካርካዴ ያፈሉልኛል፤ ቀይ፣ ኮምጣጣ፣ ስኳር የበዛበት። ለእናቴ «ሰው አገኘሁ» አልኋት። «ምን ዓይነት ሰው?» ብላ ድምፅዋ ተለወጠ። «ሽንኩርት የሚተክሉ እናት» ስላት ድምፅዋ ወደነበረበት ተመለሰ።

አንድ ቀን የሽንኩርቱን ቅጠል ጫፍ እያሳዩኝ «ፀሐዩ አቃጠለብኝ» አሉ። ቅጠሉ ከዳር ዳር ቡናማ ሆኖ ደርቋል። አፈሩ ላይም እንደ ዱቄት የተነሰነሰ ነጭ ነገር አየሁ። መለኪያዬን አምጥቼ ውሃውን ፈተሽሁ፤ አፈሩንም በውሃ በጥብጬ ፈተሽሁ።

«ፀሐዩ አይደለም፣ እማማ። ጨው ነው። ከፋብሪካው የሚመጣው የመጀመሪያው እጣቢ ጨው የበዛበት ነው። ቀስ እያለ መሬቱን እየገደለው ነው።»

«ታዲያ ውሃውን ልተው?»

«አይተዉት። ሁሉም አይደለም ጨዋማው።»

ከዚያ በኋላ አብረን እንሠራ ጀመር። ጨዋማው ሲለቀቅ ውሃው ነጭ አረፋ ይዞ ይመጣል፤ ያኔ የማሳውን መግቢያ በአፈር እንደፍነዋለን፣ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ማለቅለቂያው ሲመጣ አረፋው ይጠፋል፤ ያኔ እንከፍትለታለን። እሳቸው በመኮትኮቻ፣ እኔ በእጄ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነን። ትንሽ ቆይቶ አዲስ የወጣው የኩድራ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ። እማማ እጄን ይዘው መዳፌን አገላበጡና «ይህ የጽሕፈት እጅ አልነበረም እንዴ?» አሉኝ። በሥራዬ ብዙ ፋብሪካ ረድቻለሁ፤ የረዳሁት ነገር ሲበቅል ያየሁት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መንገዱ የተዘጋው ሥራዬን ልጨርስ ስል ነው። እንደዚያ ያለ ነገር በእኛ አገር በዚህ ዘመን አዲስ አይደለም። አንድ ጠዋት ከጎንደር የሚመጣ መኪና ቀረ፤ በማግሥቱም ቀረ። ኔትወርኩም ጠፋ። እናቴ መደወል አልቻለችም፤ እኔም። የፋብሪካው ናፍጣ አለቀ፤ ፓምፑም ማሽኑም ቆመ። ቅርብ አገር ያላቸው ሠራተኞች በእግር ሄዱ፤ የቀሩት ከተማ ገቡ። ግቢው ውስጥ ዘበኛው፣ ፎርማኑና እኔ ቀረን። የማሽኑን ድምፅ እንደዚያ ጠልቼው፣ ሲቆም ግን ጆሮዬ የሚይዘው አጣ። ቀኑ ረዘመ። ስልኬን ኔትወርክ እንደሌለው እያወቅሁ ደጋግሜ እከፍተው ነበር።

ፓምፑ ሲቆም ቦዩ ደረቀ። የእማማ ማሳ በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን አልቻለም፤ ባሚያው አንገቱን ደፋ። ከፋብሪካው አለፍ ብሎ የመንደሩ የእጅ ፓምፕ አለ። ጀሪካን ይዘን ከዚያ እየቀዳን ለማሳዋ እናመላልስ ጀመር።

ያን የእጅ ፓምፕ ከዚህ በፊት ሳልፍ አይቼው ነበር፤ ሁልጊዜም ሴቶች ባዶ ጀሪካን ደርድረው ይቀመጣሉ። ውሃው ሲነጋጋ ትንሽ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ይጠፋ ነበር፤ አመሻሽ ላይ እንደገና ይመጣል። እኔ የመሰለኝ ፓምፑ ያረጀ ነው። አሁን ግን እጀታውን ገና ከመጫናችን ውሃው ይገነፍላል፤ ጠዋትም፣ በቀትርም። ሴቶቹ አይሰለፉም። ሕፃን ያዘለች አንዲት ልጅ እግር ሴት ጀሪካኗን እየሞላች ሳቅ አለችና «ፋብሪካው ሲታመም እኛ እንድናለን» አለች።

እጀታውን የያዘው እጄ ቆመ። ፓምፑ አላረጀም። ሁለቱም ጉድጓድ የሚጠጡት ከአንድ ውሃ ነው፤ ጥልቁ የፋብሪካው ሲስብ፣ ጥልቀት የሌለው የመንደሩ ይደርቃል። ይህን ያህል ጊዜ ፍሳሽ ስለካ ውሃው ከማን አፍ ተነጥቆ እንደሚፈስ አልለካሁም ነበር። ቀና ስል እማማ ያዩኛል። እሳቸውም ሰምተዋል። ጀሪካኖቻችንን ተሸክመን ወደ ማሳዋ ተመለስን።

መንገዱ ተከፈተ። ናፍጣ መጣ፤ ፓምፑ ጮኸ፤ ቦዩም ፈሰሰ። የእጅ ፓምፑ ዘንድ ጀሪካኖቹ እንደገና ተደረደሩ። ኔትወርኩ ሲመጣ እናቴ ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ እኔም በሩን ዘግቼ አለቀስሁ። ከዚያ ወደ ራኩባዋ ሄድሁ፤ ማሳዋ ስትደርቅ በዓይናቸው አይተው ከሚያውቁ፣ አስቀድሞ ከአፌ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ።

«እማማ፣ ሥራዬን ጨርሼ ልጽፍ ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«ውሃው ወደ ቦዩ እንዳይወጣ ብዬ። ወደ ውስጥ ተመልሶ እንዲያጥብ።»

ካርካዴውን እያማሰሉ ነበር። እጃቸው አልቆመም።

«ጨዋማው ነው የሚመለሰው?»

«ሁለቱም። ንጹሑ በተለይ።»

«ኩድራዬ የሚጠጣው።»

«አዎ።»

«ያች ሕፃን ያዘለችው ልጅ ስላለችው ነው?»

«ለእሱም ነው። የጉድጓዱ ውሃ እየወረደ ነው፣ እማማ። በዚህ አያያዝ ለመንደሩም ለፋብሪካውም አይበቃም። ፋብሪካው ከቆመ ደግሞ ቦዩም የለም።»

«እውነትሽን ነው» አሉ። ካርካዴውን ቀዱልኝ። «እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነት ነው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢያለቅሱም አብሬ አለቅስ ነበር። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሌላ ሌላ ነገር አወሩኝና መሸ። በማግሥቱ ባልዲዬን ይዤ ስመጣ ከማሳቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«እንደምን አደሩ፣ ኢንጂነር?»

አደርሽ አላሉም። አደሩ። ያ ቢቲም የለም። መጀመሪያ እየቀለዱ መሰለኝና ፈገግ አልሁ። እሳቸው ግን አልቀለዱም፤ ፊታቸው ላይ ቂም አልነበረም። ለቢሮ ሰው የሚሰጠውን ክብር ነው የሰጡኝ። አማርኛ ሰውን አክብሮ በር ላይ ማቆም ይችልበታል። «እማማ፣ ምነው እርስዎ አሉኝ?» ብዬ መጠየቅ አማረኝ፤ ግን ምን ይመልሱልኛል? «ይመስገን፣ እንደምን አደሩ» ብዬ ባልዲዬን ደቀንሁ።

ጽሑፌን ጨርሼ ላክሁ። ማሳዋንም አልተውኋትም፤ ከፍሳሹ የሚኖር ሰው እንዳለ፣ ከሚድነው ውሃ እጅግ ጥቂቱ ለእሷ እንደሚበቃ ጻፍሁ። ባለሀብቱ ቧንቧ ሠሪዎች ይዞ ራሱ መጣ። ፈጣንና ደግ ሰው ነው፤ ቱቦዎቹን፣ ገንዳዎቹን እያዞርሁ ሳስረዳው ቶሎ ገባው። የእማማን ነገር ሳነሳበት እጁን ወዘወዘ።

«ለአንዲት ሴት? ይህም ጥያቄ ሆነ? ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ቧንቧውን ይክፈትላት።»

እንደዚያ በቀላሉ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም ነበር። በዚያ ፀሐይ በሩጫ ነው ወደ ጎጆዋ የሄድሁት። እማማ ከራኩባዋ ሥር ሽንኩርት ያስራሉ።

«እማማ፣ ተፈቅዷል! ቧንቧ ይኖርዎታል። ንጹሕ ውሃ፣ ጨው የሌለው።»

«ማነው የሚከፍተው?»

«ዘበኛው። ጠዋት ጠዋት።»

«ዘበኛው ደግ ሰው ነው» አሉ። ሽንኩርቱን አስረው አስቀመጡ። «ዘበኛው ሲለወጥስ?»

«ለአዲሱም ይነገረዋል።»

«ይቀመጡ» አሉኝ፤ ተቀመጥሁ። «መጠለያ ውስጥ ሳለሁ ስንዴ ይሰፈርልን ነበር። የሚሰፍረውም ሰው ክፉ አልነበረም። ግን ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማስበው የእሱን ፊት ነበር። ዛሬ ተቆጥቶ ይሆን፣ ደስ ብሎት ይሆን እያልሁ። ይህን ውሃ ማንም አይፈልገውም ነበር። የእኔ የሆነው ለዚያ ነው። ማንንም አመሰግናለሁ አላልሁበትም። አሁን ባለቤት አገኘ፤ ኸላስ፣ አበቃ። እርስዎ አይዘኑ። ልክ ነው የሠሩት።»

«ወዴት ይሄዳሉ?»

«መተማ። ከገዳሪፍ የመጡ የማውቃቸው ሴቶች አሉ፤ ምግብ ይሠራሉ። ቆይ እያልሁ ነበር። ይህች ማሳ ይዛኝ ነው።»

ልለምናቸው አፌን ከፈትሁ። የምለምነው ግን ለእሳቸው አልነበረም፤ ለራሴ ነበር። ያን ስላወቅሁ ያልታሰረውን ሽንኩርት ስቤ አብሬያቸው አሰርሁ።

የሄዱ ቀን እኔ ከቧንቧ ሠሪዎቹ ጋር ገንዳው ላይ ነበርሁ። ባጃጅ አጥሩ ዳር ሲቆም አየሁ። የገመድ አልጋቸው ተገልብጦ ከላይ ታስሯል፤ ድስቶቹ ከኋላ ናቸው። ሥራውን ትቼ ስሮጥ በሩ ላይ ደረስሁባቸው። አንድ ትልቅ እሥር ኩድራ ለፎርማኑ፣ አንድ ለዘበኛው፣ አንድ ለእኔ ሰጡን። ጉንጬን ሳሙኝ፤ አንገታቸው የጭስና የሽንኩርት ሽታ ነበረው። ባጃጁ አቧራውን አስነስቶ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ኩድራውን እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቅኋቸውም ነበር። ክፍሌ ወስጄ ውሃ ውስጥ ነክሬ አቆየሁት፤ ጠወለገ።

ከመሄዴ በፊት አዲሱ ቱቦ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ዙር ውሃ ወደ ውስጥ ሲመለስ ፎርማኑ አጠገቤ ቆሞ አየና «ገባኝ» አለ። ቦዩ ላይ ትንሽ እርጥበት ቀርቶ ነበር፤ እሱም በዚያው ቀን ፀሐዩ ጠጣው።

በሚቀጥለው ዓመት አጨዳው ሲያልቅ፣ የተባለው መደረጉን ለማየት ተመልሼ ሄድሁ። ተደርጓል። ከጉድጓዱ የሚሳበው ውሃ በጣም ቀንሷል። ምድጃው በሸክላና በጭቃ ተሸፍኖ ሙቀቱን ይዟል፤ የእንጨት ክምሩም አንሷል። የተባረረ ሰው የለም። የእጅ ፓምፑ ዘንድ ሄጄ እጀታውን ጫንሁት፤ ቀትር ነበር፣ ውሃው መጣ። አንዲት ሴት ጀሪካኗን እየሞላች «ዘንድሮ ተመስገን ነው፣ ክረምቱ ጥሩ ስለነበር» አለችኝ። አላረምኋትም። ሠራተኞቹም ከኒሙ ሥር «ኢንጂነር፣ ኑ ቅመሱ» ብለው ጠሩኝ፤ ጨዋታቸውንም አላቆሙም። ደስ ብሎኝ በላሁ። የማላውቀውን ሰው ሠርግ ነበር የሚያወሩት።

ማሳዋን ሄጄ አየኋት። ነጭ ሆናለች። ጨዉ መሬቱ ላይ እንደ ቅርፊት ተጋግሯል፤ አረም እንኳ አልበቀለባትም። ጎጆዋን ሰው አፍርሶ እንጨቷን ወስዷል።

ሥራዬን ስጨርስ ወደ ጎንደር ከመመለሴ በፊት ወደ መተማ ወረድሁ። በገበያው ዳር ጠየቅሁ፤ ከገዳሪፍ የመጡት ሴቶች ብዙ ናቸው። እማማን ያገኘኋቸው የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ፣ ሰፊ ራኩባ ሥር ነው። ወፍረዋል። ከሁለት ሴቶች ጋር ሆነው በአንድ ትልቅ ድስት ይሠራሉ፤ ሦስቱም በአረብኛና በአማርኛ እየተቀላለዱ ይሳሳቃሉ። ሲያዩኝ ማማሰያውን ጥለው መጡ።

«እንዴት አገኙኝ!» ብለው አቀፉኝ። ለጓደኞቻቸውም «ያኔ የነገርኋችሁ ናት፤ ፍሳሽ የምትለካው» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ታሪኩን ያውቁታል ማለት ነው።

አስቀምጠው ኩድራ በኪስራ አቀረቡልኝ፤ ኪስራ እንደ ወረቀት የሳሳ የማሽላ እንጀራ ነው። የዚያን ጊዜ ያልቀመስሁትን አሁን በላሁ፤ ይጣፍጣል። ስለ ማሳዋ ልነግራቸው ነበር፤ አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። «እናትዎ ደኅና ናቸው?» አሉኝ፤ «ደኅና ናት» አልሁ። ከዚያ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ደረሰ፤ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተሸካሚዎች። እማማ «መጣሁ» ብለውኝ ተነሱ። ሳህን ያቀብላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይስቃሉ። አንዱ ሾፌር ቆሞ መቀመጫ ሲፈልግ አየሁ፤ ተነሥቼ ቦታዬን ሰጠሁት። ከሩቅ እጄን አነሳሁላቸው። እሳቸውም በጭልፋው ሰላም አሉኝ።

ወደ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ ከአጨዳ በሚመለሱ ሠራተኞች ሞልቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የጎጃም ሰው ናት፤ አብደራፊ ላይ ለሠራተኞች ምግብ ስታበስል ከርማ ለዘመድ ጥየቃ መተማ አልፋ ነው የምትመለሰው። «ምንድን ነው ሥራሽ?» አለችኝ። «ፋብሪካ ውስጥ የሚባክን ነገር እፈልጋለሁ» አልኋት። «ታገኚያለሽ?» አለች። «አገኛለሁ» አልሁ። ራሷን ነቀነቀች፤ ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰዳት። ዳገቱን ስንጀምር ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ጸጉሯ ውስጥ የሰሊጥ ገለባ ነበር።

መጀመሪያ ልቀሰቅሳት አሰብሁ። ከዚያ ተውኋት። አይከል ልንደርስ ስንል ብርዱ መጣ፤ ሰው ሁሉ ያወለቀውን እየለበሰ ነው። የእኔ ሹራብ እግሬ ሥር፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። እሱን ለማውጣት መንቀሳቀስ አለብኝ፤ ብንቀሳቀስ ትነቃለች። እየበረደኝ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።